ሴቼንቶ ቆላ ስትወርድ

የዘንድሮ ልጅ መኪና ሲገዛ የሚያየው ቀለሟን ነው። የእህቴ ልጅ ለሰርጉ ብሎ ከአዲስ አበባ አንዲት ቀይ ፊያት 600፣ ያቺን ሴቼንቶ የምንላትን፣ ገዝቶ እየነዳ ቆቦ ገባ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ እልል አለ። እኔ ግን የኋላ ክዳኗ በሽቦ ተወጥሮ፣ ተከፍቶ መታሰሩን አየሁ። «አየር እንድታገኝ ነው ጋሼ» አለኝ። ዕድሜዬን በናፍታና በግራሶ የጨረስኩትን እኔን!

ሴቼንቶ በ1947 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ለዓለም ስትታይ 633 ሲሲ ሞተሯን ከኋላዋ አዝላ ነው። ራዲያተሯም እዚያው ከሞተሩ ጎን ተወሽቋል፤ እንደ ሌላው መኪና ከፊት ነፋስ አይመታውም። ያለችው አንዲት ማራገቢያ ናት፣ እሷን የምታዞረው ደግሞ አንዲት ቺንጋ። ቺንጋዋን በጣቱ ተጭኖ ያላየ ሰው ክዳን ቢከፍት፣ ቢፈልግ ጣሪያውን ቢያነሳ፣ ምን ይረባዋል?

ደግሞ መኪናዋ የተስተካከለችው ለደጋ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ያሉ መካኒኮች ነዳጁን ይቀንሱላታል፣ እሳቱንም ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲመጣ ያደርጉታል። ደግ አደረጉ። ቆቦ ግን ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ይወፍራል፣ ነዳጁ ያንሰዋል፤ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ደግሞ ይግላል፣ ዳገት ላይ «ኪል ኪል» ይላል። የእኛ የግንቦት ፀሐይ ሲጨመርበትማ አትጠይቁኝ። ይህን ስነግረው «መኪና እኮ መኪና ነው» አለኝ።

ያም አልበቃ። አላውሃ ወንዝ ላይ ሲደርስ ፈላችበት። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከወንዙ በጀሪካን ቀድቶ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ገለበጠ! የሴቼንቶ ብሎክ ብረት ነው፣ ቴስታታዋ ግን አሉሚኒየም፤ ሁለቱ ሲሞቁም ሲቀዘቅዙም እኩል አይሄዱም። ሞተሩ ሲፈላ መቆም፣ የራዲያተሩን ክዳን አለመንካት፣ እስኪበርድ ጥላ ስር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ጥላ እንኳ ባይኖር ትዕግስት ይኖራል። እሱ ግን ለፎቶ ቸኩሏል። ቴስታታው ጠመመ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ፣ ዘይቱ ነጭ አረፋ ሆነ።

ጓርኒሲዮን ግዛ ብዬ ላክሁት። የላዳ ይዞ መጣ። ሻጩ «ላዳም ያው ፊያት ናት» ብሎታል። አባባሉ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ሩሲያዎች በ1962 ዓ.ም. ላዳን መሥራት የጀመሩት ከፊያት 124 ተነስተው ነው። ግን 124ም ብትሆን ከሴቼንቶ ጋር ምን አገናኛት? ቀዳዳው ከቀዳዳ አይገጥምም! ልጁ ግን «በመቀስ ብናስተካክለውስ?» አለኝ። ፈጣሪ ምስክሬ ነው፣ ዝም አልኩ።

ቴስታታው ወልድያ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላገ። ስንገጥም ቡሎኖቹ ከመሃል ተጀምረው ወደ ዳር፣ ያውም በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ነው የሚጠብቁት። እሱ ለጉልበት ብሎ መፍቻው ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክቶ ከዳር ጀመረልኝ። ቴርሞስታቱን ደግሞ አዲስ አበባ አንድ መካኒክ «ለቆላ አያስፈልግህም» ብሎ አውልቆ ጥሎለታል። ጠዋት ኮረም ብርድ ላይ ሞተሩ መቼ ሊሞቅ ነው? የሚሞላውን ውሃም መረጥኩለት፤ የጉድጓዱ ጀበና ላይ የሚጋግረውን ነጭ ነገር ራዲያተሩ ውስጥም ስለሚጋግረው፣ የዝናብ ካልሆነም የባትሪ ውሃ ነው የሚያዋጣው። «ለመኪና የባትሪ ውሃ! ለእኛ የቧንቧ!» ብላ እህቴ ተቆጣች።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ አይገባም ከተባለ ወዲህ ደግሞ አሮጌ ፊያት ያለው ሁሉ ባለ ርስት መስሎታል። ርስትም ቢሆን ይታረማል እኮ!

ከድሮ ዕቃዬ ውስጥ ነዳጅ የምትለካ፣ ቀዳዳዋ ሰፋ ያለ ነሐስ ፈልጌ ካርቡራተሩ ውስጥ ገጠምኩ፣ እሳቱንም ወደ ኋላ መለስ አደረግሁ። መኪናዋ ረጋች። ያወለቅኳትን ትንሿን ነሐስ በክብሪት ቀፎ አድርጌ «ወደ ደጋ ስትመለስ ትፈልጋታለህ፣ እንዳትጥላት» ብዬ በእጁ ሰጠሁት።

ትናንት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ሙሽራይቱንና ሁለት ሚዜ ጭኖ፣ በአላማጣ አድርጎ ግራ ካህሱን ወጥቶ፣ ሐሸንጌ ሐይቅ ላይ ፎቶ ሊነሳ ነው። «ጋሼ እርስዎ ደግሞ ሁሉን ይፈራሉ» አለኝ። እሺ ውጣ፤ ግን ሳይነጋ ተነስ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ሂድ፣ ሞተሩን አታስጨንቀው። ላይ ስትደርስ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፣ በዚህ ነሐስ ጥቁር ጭስ ትተፋብሃለች፣ ነጭ ቬሎም አይተርፍ፤ ስለዚህ ትንሿን አምጣት አልኩት።

የክብሪት ቀፎውን ለእናቱ ሰጥቷታል። እሷም ከፍታ ክብሪት ብታጣበት ምድጃ ውስጥ ወርውራዋለች። ይኸው ሙሽራው ፀጉር ቤት ተቀምጦ ፀጉሩን ሲያሳምር፣ እኔ እዚህ የምድጃ አመድ በወንፊት እነፋለሁ።