ሥልጣን በገመድ መልክ ሲወርድ

ስላልተማከለ አስተዳደር ስንት ዓውደ ጥናት ተካሄደ፣ ስንት አበል ተከፈለ! የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50(4) ሕዝቡ በቅርቡ ባለው አስተዳደር በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል። ድንጋጌው ሩብ ምዕተ ዓመት መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ከቆየ በኋላ በ2012 ኮሮና መጥቶ ቀሰቀሰው። ለታችኛው እርከን የሚገባው ሥልጣን በመጨረሻ ወረደ፤ የወረደው ግን በገመድ መልክ ነው። መንገድ ዳር ሁለት እንጨት ተክሎ ገመድ መወጠር በጀት አይጠይቅም፣ ጨረታ አያስወጣም፣ ኦዲተርም አይጠራም። ለወረዳና ለከተማ አስተዳደር ከዚህ የተሻለ ሥልጣን ከየት ይመጣል?

ነገሩ በፍጥነት ነው የሄደው። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 አዲስ አበባ ተገኘ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከዚያ ክልሎች መዝጋት ላይ ተሽቀዳደሙ። ትግራይ መጋቢት 17 የራሱን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ ወረርሽኝ ሲከሰት አንቀጽ 93 ለክልል ይህን ይፈቅዳል። አማራ ክልል ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ ቲሊሊንና አዲስ ቅዳምን ለ14 ቀናት ዘጋ። ኦሮሚያም የሕዝብ ማመላለሻን አገደ። ሌላው ዓለም ወደ ቻይና መብረር ሲያቆም የእኛ አየር መንገድ እንዳላቆመ የሚያስታውስ ሰው እዚህ ላይ ግር ሊለው ይችላል። ግር አይበለው። ቫይረሱ አውሮፕላን ውስጥ ጨዋ ነው፤ የሚባልገው በባሌ የሮቤና የጎባ ሚኒባስ ውስጥ ሲገባ ነው።

ሮቤና ጎባ መካከል ያለው ርቀት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዩኒቨርሲቲው፣ መዳ ወላቡ፣ ሮቤ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል ደግሞ ጎባ። ያኔ ሁለት ከተማ፣ ሁለት ከንቲባ፣ ሁለት ማኅተም ነበር፤ ሕዝቡ ግን አንድ ነው፤ እዚህ ይኖራል፣ እዚያ ይነግዳል፣ እዚህ ያገባል፣ እዚያ ይታከማል። እንግዲህ ሕዝብን ከበሽታ ለመጠበቅ ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን መኪና ማስቆም ጥበብ መሆኑን ያልተረዳ ካለ የሕዝብ ጤና ትምህርት ጎድሎታል ማለት ነው። ከዚህም የረቀቀ የሕግ ጥያቄ ነበር፤ ጋሪ የሕዝብ ማመላለሻ ነው ወይስ አይደለም? ነው ከተባለ ፈረሱ ይቁም። አይደለም ከተባለ አምስት ሰው ጭኖ ይለፍ። ለዚህ ጥያቄ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕገ መንግሥት ትርጉም ሊሰጥበት ይገባ ነበር።

ደግሞ የሙቀት መለኪያው አለ። ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ከሰነቴ አምባ የሚወርደው ብርድ ግንባርን ያደርቃል። በዚያ ውርጭ በማለዳ ግንባር ላይ ሲደገን መሣሪያው የሚያሳየው ቁጥር ጤነኛንም በሽተኛንም አይለይም፤ ሁሉም ይለፍ ይላል። ከባሌ ብርድ የበለጠ ለዘብተኛ ተቆጣጣሪ ከየት ይገኛል?

መጋቢት 30 የፌዴራሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ፤ ደንብ ቁጥር 466 ተከተለ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ መጨባበጥ ተከለከለ፣ ተሳፋሪ በግማሽ ቀነሰ፣ ታሪፍ እጥፍ ሆነ። ጥፋተኛ እስከ ሦስት ዓመት እንዲታሰር፣ ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር እንዲቀጣ ተደነገገ። ሚኒባሱ ከመናኸሪያ በግማሽ ይወጣና ኬላውን አልፎ በሙሉ ይጭናል፤ ታሪፉ ግን በሕጉ መሠረት እጥፍ ነው። ረዳቱ ከደንቡ የሚጠቅመውን ግማሽ ብቻ አከበረ። በእርግጥ ይህን ከሹማምንቱ ነው የተማረው። አዲስ አበባ ላይ ጭምብል ያላደረጉ ከሺህ በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ተይዘው ነበር፤ ሰው እንዳይታፈግ ሲባል ሰውን ሰብስቦ ማፈስ!

ቫይረሱ ራሱ ቀልድ አልነበረም። አገሪቱ ከ7,500 በላይ ሞት መዝግባለች፤ ያልተመዘገበው ለብቻው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩም የዕለት ጉርሱን በዕለት የሚያገኝና ቤት የሌለው ሕዝብ ባለበት አገር እንደ ሀብታሞቹ ሙሉ በሙሉ መዝጋት እንደማይቻል ያኔውኑ ተናግረዋል። ሰው ጥንቃቄን ጠልቶም አይደለም። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ሶላት በየቤት እንዲሆን ሲወስን፣ በሚያዝያ በገባው ረመዳን ተራዊሕ በየቤቱ ተሰገደ። ለዚያ ገመድ የወጠረ የለም።

መዝጋቱን ሁሉም ቻለበት፤ መክፈት ላይ ነው ጉዱ። እንበልና አንዲት የሮቤ ሻይ ቤት ባለቤት ወንበሯን መልሳ ልትዘረጋ ፈልጋ ቀበሌ ሄደች። ቀበሌው ወደ ከተማው ላካት። ከተማው ወደ ዞን፤ ዞን በኦሮሚያ የክልሉ ሥራ አስፈጻሚ ቅርንጫፍ እንጂ የተመረጠ ምክር ቤት ያለው አካል ስላልሆነ ወደ ክልል፤ ክልሉ ወደ ፌዴራል።

«እናቴ፣ ከላይ የወረደ ነገር የለም» ይሏታል።

«ልጄ፣ ስትዘጉብኝስ ከላይ ወርዶ ነበር?»

«ያኔማ አስቸኳይ ነበር።»

ይህ መልስ ሊናቅ አይገባውም። የቤት ኪራይ በየወሩ መምጣቱ አስቸኳይ አይደለም፤ የስኳሩ ዕዳም አስቸኳይ አይደለም፤ ጠዋት ሻይ ጠጥቶ ወደ ስንዴ ማሳው የሚሄደው ገበሬ መራቡም እንዲሁ። የበልግ ዘር ግን ኮሚቴ አይጠብቅም፤ መሬቱ ረጥቦ ነበርና ገበሬው ማንንም ሳያስፈቅድ ዘራ። ባሌ ውስጥ በዚያ ዓመት በሰዓቱ የተከፈተ ነገር ቢኖር እርሻ ነው።

ታዲያ በኋላ ማን ከፈተው? አምስት ወር ሲሞላ አዋጁ በራሱ ጊዜ አለቀ። በ2013 መጀመሪያ የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ወጣ፤ ጭምብል ግዴታ፣ መጨባበጥ ክልክል፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራራቅ። ከዚያ ምርጫ መጣ። ሰኔ 9 ቀን 2013 ጅማ ስታዲየም ለምርጫ ቅስቀሳ ጢም ብሎ ሞላ፤ መመሪያውም ጨዋ ነውና ባለሥልጣን ሲያይ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀ። ከዚያ ወዲያ ሻይ ቤት ሄዶ «ጭምብልህስ?» የሚል ደፋር ቢኖር ስታዲየሙን ማስታወስ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፉን የአስቸኳይ ጊዜ ያነሣው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው። ሴትዮዋ መልሱን እስከዚያ ብትጠብቅ ኖሮ ሦስት ዓመት ይሆናት ነበር።

ለሚቀጥለው ወረርሽኝ አንዲት ሐሳብ አለችኝ። የመዝጊያው ደብዳቤ ሲጻፍ ከግርጌው የሚከፈትበት ቀንና የሚከፍተው ሹም ስም አብሮ ይጻፍ። ወረቀቱ ቦታ ካጣ ግልባጭ ከሚደርሳቸው አሥራ ምናምን ቢሮዎች ጥቂቱን መቀነስ ይቻላል፤ በተቀነሱት ምትክ የሻይ ቤቷ ባለቤት ትግባበት።