ደረሰኝ የሌለው ደንበኛ

ክፍት ምንጭ በሚባለው፣ ኮዱ ለሁሉ ክፍት በሆነው የሶፍትዌር ዓለም ሰጪ ይለማመጣል፤ ተቀባይ ይቆጣል። ሳንቲም ያልከፈለበትን ፕሮግራም የጫነ አዲስ ሰው "አይሠራም!!!" ብሎ ይጽፋል። ምኑ እንደማይሠራ፣ ምን ሲነካ እንደተበላሸ አይናገርም፤ ይህን ማወቅ የባለሙያው ፈንታ ነው። በማግስቱ "ኧረ መልስ!" ይላል። ባለሙያው ቀን ለእንጀራው ሲሮጥ ውሎ፣ ልጆቹን አስተኝቶ፣ ማታ ኮድ የሚጠግን በጎ ፈቃደኛ መሆኑን ማን ነግሮት! ፈቃዱማ ነግሮታል። ኤምአይቲ የተባለው የታወቀ የአጠቃቀም ፈቃድ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም፤ ሶፍትዌሩ እንዳለ፣ ያለ ምንም ዋስትና የቀረበ መሆኑን ግን በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጮኻል። የሚያነበው ጠበቃ ብቻ ነው።

ይሁንና ጀማሪውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ለነጻ ዕቃ የሱቅ መስተንግዶ መጠበቅ የችግረኛ ተማሪ ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በይቅርታ ይታለፍ ነበር፤ ባለጸጋው ይብሳል። ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሚያበጀው "ከርል" መረጃ በኢንተርኔት የሚያመላልስ ፕሮግራም ነው፤ ስልኩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ መኪናው ሁሉ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ከአሜሪካ 500 ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱ "ሎግፎርጄ" በተባለ ሌላ ሶፍትዌር ላይ ስለተገኘ የደኅንነት ቀዳዳ የጥያቄ መዓት ላከለትና "በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ!" አለው። ከርል ሎግፎርጄን አይጠቀምም፤ ኩባንያውም ከሰውየው ጋር ውል የለውም። ስቴንበርግ የድጋፍ ውል ስንፈራረም በደስታ እመልሳለሁ አለ። የድረ ገጾችን ምስጢር የሚጠብቀው ኦፕንኤስኤስኤልም በ2014 "ሃርትብሊድ" የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ጉድ እስኪፈነዳበት ድረስ በዓመት የሚያገኘው መዋጮ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ዓለም በሙሉ በሩን ለቆለፈበት ቁልፍ ዘበኛ የሻይ እንኳ አልከፈለም።

ቢጎተጉቱስ ምን ይጎዳል? ይባል ይሆናል። ይጎዳል። "ኤክስዜድ" የተባለውን ፋይል ማመቂያ ያለ ክፍያ የሚጠብቀው በተግባር አንድ ሰው ነበር። በ2022 ሰዎች ተነሡበት፤ ዘገየህ፣ ካልቻልክ ለሌላ ልቀቀው አሉት። ሰውየው የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት፣ ሥራውም ደመወዝ የሌለው የትርፍ ጊዜ መሆኑን ጽፎ ነበር። በመጨረሻ ቅን ለሚመስል አዲስ ረዳት ሥልጣን አካፈለ፤ ረዳቱም በ2024 የጓሮ በር፣ ማለትም ድብቅ መግቢያ፣ ቀበረበት። አንድ መሐንዲስ የኮምፒውተሩ መግቢያ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ባይጠረጥር ኖሮ ስንቱ ማሽን በተከፈተ ነበር! ነዝናዞቹ የሴራው አካል ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ይታመናል። ያኔ ማንም ያልነቃባቸው ንዝንዛቸው ከሐቀኛው ተጠቃሚ ንዝንዝ በምንም ስለማይለይ ነው።

ሥራውን አደባባይ ያወጣ ሰው ኃላፊነት አለበት የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ሆን ብሎ አለመጉዳት፣ ሲተወውም መተዉን መናገር ይገባዋል። ከዚያ አልፎ ግን ስጦታ ሰጪውን ባለዕዳ አያደርገውም። ነገሩ እንደ ደቦ ነው ይላሉ። በደቦ ጠላውን የሚጠምቀው ባለማሳው ነው፤ እዚህ አጫጁ ራሱ ጠምቆ፣ ራሱ አጭዶ፣ ባለማሳው "ጠላው ቀጠነ" ይለዋል።

የነባር ባለሙያዎችን ግልምጫ ግን አልከላከልም። ሊኑክስ የተባለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በ2018 ስለ ክፉ አንደበቱ በአደባባይ ይቅርታ ጠይቋል። "መመሪያውን አንብብ" ተብሎ ጀማሪ ይባረራል፤ መመሪያውን የጻፈው ደግሞ መመሪያ የማያስፈልገው ሰው ነው። ዝም ማለት የበጎ ፈቃደኛ መብት ነው፤ መሳደብ ግን መብቱ አይደለም። ለዚያውም የተባረረው ነገ ሥራውን ሊረከብ ይችል የነበረ ሰው ነው።

እርስዎም አንባቢ ሆይ፣ አንዱ ነጻ ፕሮግራም ዛሬ ማታ እምቢ ቢልዎት የስሪቱን ቁጥር፣ ያደረጉትን በቅደም ተከተል፣ የመጣውንም የስህተት መልእክት ሳይቆርጡ ጽፈው ይላኩና ይጠብቁ። ከቸኮሉ ይክፈሉ፤ ብዙዎቹ መዋጮ ይቀበላሉ።