የታጠነው ሲሊንደር

ከሰቆጣ ወደ ፃግብጂ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከአጠገቤ ያለው መንገደኛ ገና መኪናው ሳይነሳ ተጋድሞ ነበር። እንቅልፍ ጥሎት አይደለም፤ ረዳቱ ነው ያጋደመው። መንገደኛው የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ነው። የአንድ ሰው ሒሳብ ተከፍሎበታል አሉ፤ እንደ ሰው ተንጋሎ ቢሄድ ማን ይናገረዋል! በየጠመዝማዛው እየተንከባለለ ቁርጭምጭሚቴን ሲደልቀኝ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት አዘኑልኝና "አስቸገረህ አይደል ልጄ? እግርህን ጫን አርግበት" አሉኝ። ጫንኩበት። በዚያው ጉዞ አንዲት ዶሮ "ትሸታለች" ተብላ ጣሪያ ላይ መውጣቷን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ረዳቱን "ይኼ ነገር ቆሞ ነው እኮ የሚጫነው" ብለው፣ "ጋሼ፣ ከቆመ ይወድቃል፤ ከተኛ ምን ይሆናል?" አለኝ። ነገሩ አሳማኝ ይመስላል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግን ስሙ ጋዝ ይሁን እንጂ አብዛኛው ፈሳሽ ነው። ፕሮፔንና ቡቴን በግፊት ታምቀው ፈሳሽ ይሆናሉ፤ አንድ ሊትሩ ወጥቶ አየር ሲነካው ወደ 250 ሊትር ጋዝ ይሆናል። ሲሊንደሩ ሲቆም ፈሳሹ ከታች ይረጋል፣ ቫልቩ ጋ የሚደርሰው ጋዙ ብቻ ነው። ሲጋደም ፈሳሹ ራሱ ቫልቩ ድረስ ይመጣል። ቫልቩ ቢያፈስ ያን ጊዜ የሚያመልጠው ጋዝ ሳይሆን ገና 250 እጥፍ የሚያብጥ ፈሳሽ ነው። እኔም ይህን እያወቅኩ እግሬን እንደጫንኩ ደረስኩ። ትዝብቱ ከራሴ ይጀምር።

እንደደረስን ሲሊንደሩ ከመኪናው "ዱብ" ተደረገና በእግር እየተገፋ ወደ አንድ ምግብ ቤት ተንከባለለ። ምሳ ሰዓት ስለነበር እኔም ተከተልኩት። የቤቱ ባለቤት እትዬ፣ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ፣ ከእኔ ይልቅ ሲሊንደሩን በእልልታ ሊቀበሉት ምንም አልቀራቸው። አልፈርድባቸውም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ መብራት ለወራት ጠፍቶ በእርጥብ እንጨት ጭስ ዓይናቸው ሲፈስ የከረመ ባለሙያ፣ በጅቡቲ በኩል ገብቶ ይህን ሁሉ ዳገት ወጥቶ የመጣ ጋዝ ሲያይ ደስ ቢለው ምን ይገርማል?

ቅሬታቸው ሌላ ነው። "ባለፈው ኅዳር ጠዋት ጠዋት እሳቱ ድክም ይልብኝ ነበር። ውሃ ቀላቅለውበት ነው መሰለኝ።" ነጋዴው ምስኪን በሌለበት ተፈረደበት። ቡቴን የሚተንነው ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ካለ ሙቀት ጀምሮ ስለሆነ፣ በደጋ ብርድ ላይ ሲተን ደግሞ ሲሊንደሩን ራሱን ስለሚያቀዘቅዘው፣ ግማሹ ሳያልቅ እሳቱ ሊልፈሰፈስ ይችላል። በዚህ ላይ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ምስር ክኩ አልበስል ብሎ ጋዙን ይጨርሳል። ሌባው ከፍታው ነው።

"ታዲያ ምን አደረጉ?" አልኳቸው።

"ምን አደርጋለሁ፤ ከሥሩ ትንሽ ፍም አስጠጋሁለት። ሞቅ ሲለው ተነቃቃ።"

እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እሳትና ጭድ የሚለው አባባል የወጣው ጋዝ ሳይመጣ ነው መሰለኝ።

ሲሊንደሩን የሚቀይረው ልጅ ዕድሜው ሃያ አይሞላም። ሥራውን ማን እንዳስተማረው ስጠይቀው "ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ" አለኝ። ትምህርቱስ? "ክብሪቱን ለኩሰህ እጅህን ቶሎ ሳብ።" በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 ላይ አሠሪው ለሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ ማስገንዘብ አለበት ተብሎ የተጻፈው፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሲደርስ በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ተጠቃሏል። እሷም ብትሆን አትፈጸምም። ልጁ መጀመሪያ ጋዙን ይከፍታል፣ ከዚያ ክብሪት ይፈልጋል፣ ኪሱን ይዳብሳል፣ መደርደሪያውን ያያል፣ በመጨረሻ ጎረቤት ይሄዳል። ጎረቤት ደግሞ ቡና ተፈልቶ ይጠብቀዋል።

ጎማውን ከሬጉሌተሩ ጋር ያሰረው ፋሼታ የሚባለው የብረት ማሰሪያ አልነበረም። ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቀደደ ማሰሪያ ነው፤ በላዩ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ልጁ ገጠመ፣ አጠበቀ፣ ከዚያ ክብሪት አወጣ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ልፈትሸው ነዋ ጋሼ! የሚያፈስ ከሆነ ይነግረናል።"

ክብሪት ሐቀኛ መርማሪ መሆኑን አልክድም። ችግሩ ውጤቱን ቆሞ የሚሰማው ሰው መጥፋቱ ነው። ክብሪቱን ተቀብዬ በስኒ ውሃ ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጠበጥኩና በስፖንጅ መጋጠሚያውን ቀባሁት። አንድ አፍታ ዝም አለ። ከዚያ ከሽቦው ሥር አንዲት አረፋ እንደ ሕፃን ምራቅ ቀስ ብላ አበጠች፤ ፈነዳች፤ ሌላ ተተካች። እትዬ ጎንበስ ብለው አዩና አፋቸውን ያዙ።

"ውይ! ይኼ ነገር ይተነፍሳል ለካ!"

"ሽታው አልነገረዎትም?"

"ሸቶኛል እንጂ! እንግዳ እንዳይሸሽብኝ ብዬ እኮ ነው ጠዋት ጠዋት ዕጣን የማጤስበት።"

ከሰቆጣ ጀምሮ የቆጠርኩት ስህተት ሁሉ በዚህ ፊት ኢምንት ሆነብኝ። ጋዙ ከተፈጥሮው ሽታ የለውም። የሚሸተው የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ቅመም ሆን ተብሎ ስለሚጨመርበት ነው። ይህን ልማድ ያጠናከረው አንድ ትልቅ ጦስ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 1937፣ በእኛ የየካቲት 12 እልቂት አንድ ወር ሳይሞላው፣ በአሜሪካ ቴክሳስ ኒው ለንደን በሚባል ቦታ የአንድ ትምህርት ቤት ወለል ሥር ሽታ የሌለው የተፈጥሮ ጋዝ ተጠራቅሞ ፈነዳ። ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጋዝ እንዲገማ በሕግ ታዘዘ። ያ ግማት ያ ሁሉ ነፍስ የተከፈለበት ማስጠንቀቂያ ነው። እኛ ደግሞ መልእክተኛውን በዕጣን አፍነን፣ ያውም ፍም ይዘን ወደሚሸተው ቦታ እየሄድን፣ "ቤቱ ጥሩ ጥሩ ሸተተ" እንላለን።

እትዬን አጽናናሁ ብዬ "መስኮት ይክፈቱ" አልኩ። የወጥ ቤቱ መስኮት ከጣሪያው ሥር ያለች ጭስ ማውጫ ናት። ቡታ ጋዝ ግን እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ከአየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ ጉድጓድ ካገኘም ይተኛበታል። በአየሩ ውስጥ ከመቶ ሁለት እጅ ከሆነ ብልጭታ ይበቃዋል። መከፈት ያለበት በሩ ነው። ያን ሰዓት መብራት ማብራትም ሆነ ማጥፋት አይገባም፤ ማብሪያ ማጥፊያው ራሱ ብልጭ ይላል።

የገጠር ሞኝነት ነው የሚል አንባቢ ካለ ወደ አዲስ አበባ ልውሰደው። በአንድ ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት ያለ ካፌ ገብቼ አራት ሲሊንደሮች ከደረጃው ሥር፣ ጋዝ ለመተኛት በሚመኘው ቦታ፣ ተሰልፈው አይቻለሁ። የእሳት ማጥፊያውም አለ፤ የመጋዘኑን በር እንዳይዘጋ ደግፎ ይዟል። የአስተናጋጆቹ አለቃ "እሳት ቢነሳ 939 እንደውላለን" አለኝ በኩራት። ስልኩ ምድር ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ አልነበረውም።

ወደ እትዬ ቤት ልመለስ። ሲሊንደሩ ተዘጋ፣ በሩ ተከፈተ፣ ምሳዬ ቀዘቀዘ። ልጁ ሲሊንደሩን ግድግዳ አስደግፎ አቆመውና የስኒውን ሳሙና ከክብሪቱ ጎን አስቀመጠ። እትዬ ሒሳብ አልቀበልም አሉ፤ ይልቅ ዕጣኑን ለቡናቸው አጤሱና አስቀመጡኝ። ቡናው ከወጥ ቤቱ ርቆ ደጅ ተፈላ። ፋሼታ ግን በከተማው አልተገኘም፤ ልጁ ሦስት ሱቅ ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከሰቆጣ ወደ ፃግብጂ የምትሄዱ ካላችሁ፣ አንድ ሁለት ፋሼታ በኪሳችሁ ያዙ፤ ሲሊንደርም ከተጫነ አቁሙልን።