ጎጆ ለሚወጣ በተን

የራስዎን በተን ለመፍጠር ቆርጠው ከተነሡ መጀመሪያ ቡናዎን ይጠጡ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ከዶት ኔት ፍሬምወርክ 3.0 ጋር ባወጣው ደብሊው ፒ ኤፍ ላይ ውርስ የሚባል ነገር አለ፤ እርስዎ የሚያስቡት ዓይነት ግን አይደለም።

እንዲህ ያድርጉ። አፕ ዛምል ውስጥ ለበተን የሚሆን ስታይል ይጻፉ፦ ሰማያዊ መደብ፣ ነጭ ጽሑፍ። ኪይ አይስጡት፤ ታርጌት ታይፑን «በተን» ብለው ይለፉት። በፕሮግራሙ ያለው በተን ሁሉ ለበዓል አንድ ዓይነት እንዳሰፋ ቤተሰብ ሰማያዊ ይለብሳል። ከዚያ በሲ ሻርፕ ከበተን የሚወርስ «አስቀምጥ በተን» የሚባል ክላስ ይፍጠሩና ፕሮግራሙን ያስነሡ። ልጅዎ በሰማያዊዎቹ መካከል ግራጫ ለብሶ ቆሟል። ሲጫኑት ይሠራል፤ የአባቱን ጠባይ አንድም ሳያስቀር ወስዷል። ልብሱን ብቻ ተከልክሏል።

አይቆጡ። እኛ ስማችንን ስንጠየቅ ከነአባታችን እንናገራለን፤ ስታይል ፈላጊው ግን የአባት ስም አይሰማም። የሚፈልገው የክላሱን የራሱን ዓይነት ብቻ ነው፤ «የእገሌ ልጅ ነኝ» ብሎ ነገር እዚያ አይሠራም። ግራጫው ከየት መጣ ቢሉ፣ ከዊንዶውስ ቲም ጋር የሚመጣው ዲፎልት ስታይል ነው። እሱ የሚፈለገው «ዲፎልት ስታይል ኪይ» በሚባል ፕሮፐርቲ በኩል ስለሆነ፣ ልጁ እስካልቀየረው ድረስ የአባቱ ያገለግለዋል። በአጭሩ፣ የዘወትሩን ይወርሳል፣ የክቱን አይወርስም።

መድኃኒቱ የወራሽነት ማረጋገጫ ነው፤ ደግነቱ ምስክር ማቆም አያሻም። ለአስቀምጥ በተን ሌላ ስታይል ይክፈቱና ቤዝድ ኦን በሚለው ቦታ የበተንን ስታይል በስታቲክ ሪሶርስ ይጥሩ። አባት ከልጅ ይቀድማልና የአባቱ ስታይል ከላይ ይጻፍ። ዳይናሚክ ሪሶርስ እዚህ ቦታ አይፈቀድም፤ አይሞክሩት። (ይሞክሩታል።)

በነገራችን ላይ፣ ሳይጠየቅ የሚወረስም አለ። መስኮቱ ላይ የጻፉት የፊደል መጠን እስከ በተኑ ድረስ ይወርዳል። የፊደሉ ቀለም ግን በተኑ ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ የበተን ዲፎልት ስታይል የራሱን ቀለም ጽፎ ተቀምጧላ።

አሁን ወደ ዋናው ምክር። በተንዎ ጎጆ ልውጣ፣ መልኬን ከሥር ጀምሬ ራሴ ልሥራ ካለ፣ ስታቲክ ኮንስትራክተሩ ውስጥ ዲፎልት ስታይል ኪዩን ወደ ራሱ ዓይነት የምታዞር አንድ መስመር ትጻፋለች። አጭር ናት፤ ፍቺዋ ግን «ከዛሬ ጀምሮ የአባቴን ቤት አላውቅም» ነው። መስመሯን ጽፈው፣ ጎጆውን ሳይሠሩ፣ ፕሮግራሙን እንዲያስነሡ አጥብቄ እመክራለሁ። ኮምፓይለሩ ዝም፤ ኤረር የለ፣ በተኑም የለ። ቴምፕሌት የሌለው ኮንትሮል የሚሣል ነገር የለውምና ቦታው ባዶ ነው፤ በማውስ ቢወጉትም የሚወጋ የለም። ያን ሁሉ ደክመው ያወጡት የወራሽነት ማረጋገጫም አያድነውም፤ ሰማያዊው ቀለም ተሰጥቶታል፣ የሚቀባበት ግድግዳ ግን የለም። ግማሽ ቀንዎን ወርዱንና ቁመቱን በመለካት ያሳልፉ። እኔም አሳልፌያለሁ።

ጎጆው የሚሠራው ጄኔሪክ ዛምል በሚባል ፋይል ውስጥ ነው። በቪዥዋል ስቱዲዮ «ከስተም ኮንትሮል» ብለው ከጨመሩ ፋይሉንም ፎልደሩንም ራሱ ያዘጋጅልዎታል። እኔ ግን ነገሩን ከሥሩ ልረዳ ብዬ በእጄ ሠራሁት፤ ስታይሉን አሳምሬ፣ ቴምፕሌቱን አስተካክዬ። በተኑ ብቅ አላለም። ፎልደሩ በፕሮጀክቱ ሥር፣ በሌላ ፎልደር ውስጥ ሳይሆን፣ «ቲምስ» ተብሎ መቀመጥ አለበት፤ እኔ የጻፍኩት «ቲም» ነበር።