በምዕራፍ አንድ የሞትኩት ሽማግሌ

እኔ ከሞትኩ ሰነበትኩ። የሞትኩት ሊማሊሞ ላይ ነው፤ የገደለኝም የገዛ የልጅ ልጄ ነው። ለዚህ ሥራው የክፍሉ መምህርት ከ10 ዘጠኝ ሰጥታዋለች።

ነገሩ የመጣው ከካናዳ ጫካ ነው። መምህሯ ሥነ ጽሑፍንና ሳይንስን በአንድ ታሪክ ላስተምር ብላ «ሃቸት» የሚባለውን መጽሐፍ ለልጆቹ ትተርክላቸዋለች። ጋሪ ፖልሰን የሚሉት አሜሪካዊ በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። ብሪያን የተባለ የ13 ዓመት ልጅ በትንሽ አውሮፕላን ሲሄድ የአብራሪው ልብ ቀጥ ይላል፤ ልጁ ጫካ ውስጥ ወድቆ በአንዲት መጥረቢያ 54 ቀን ይኖራል።

በእኛ ጊዜ ይህ እረኝነት ይባል ነበር። ብርዱም ጅቡም ረሃቡም ነበረበት። ማታ ስንገባ ግን የሚጠብቀን ማርክ ሳይሆን «ያቺ ፍየል የት አለች?» የሚል ቁጣ ነበር።

መጽሐፉ ሲገባ ሰላም ከቤቴ ወጣ። ብሪያን መጥረቢያውን ከድንጋይ አጋጭቶ እሳት አገኘ አሉ። የልጅ ልጄ ምድጃ ሥር ተቀምጦ «ብልጭ የምትለዋ የተፈለጠች ብረት አየር ስታገኝ ስትነድ ነው» ይለኛል፤ ቡላድ እየመታሁ ላደግኩት ለእኔ!

ባቄላ አልበስል ሲል ነጋዴውን መርገም የአባት ወግ ነበር። አሁን ነጋዴው ጠበቃ አገኘ። የልጅ ልጄ እንደሚለው፣ ከተማችን ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል፤ ስለዚህ ውሃው በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ያ ሙቀት ደግሞ ባቄላ ቶሎ አያበስልም። እሺ፤ ነጋዴውን ግን አሁንም አልማርኩትም።

ቀጥላ መምህሯ «ታሪኩን ወደ አገራችሁ አምጡት» አለች። የእኔው ደራሲ ጣሊያን በወረራው ዘመን በሊማሊሞ ገደል ላይ የጠመዘዘውን መንገድ መረጠና እኔን ሾፌር አደረገኝ። ደስ አለኝ። ግን ገና የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ልቤን ቀጥ አደረጋት።

«ምን በደልኩህ?» ብለው፣ «አባባ፣ እርስዎ ካሉማ ሁሉን ነገር ይነግሩታል፤ ልጁ በራሱ ምን ያውቃል?» አለኝ።

ጀምስ ብሩስ የሚሉት ስኮትላንዳዊ በ1770 እ.ኤ.አ. በዚሁ ሊማሊሞ ወጥቶ ጎንደር ገባ፤ መጽሐፍም ጻፈ። አያቱን ግን አልገደለም።

ሬሳ ሆኜም ቢሆን የልጅ ልጄን ድርሰት አረምኩለት። «ጭላዳ እራቴን ነጠቀኝ» ይላል። ጭላዳ ሳር እየነጨ የሚኖር ነው፤ የአንተ ጥብስ ምን ያደርግለታል? ደግሞ የታሪኩ ልጅ ብርድ ሽሽት ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ! በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ገደማ እንደሚቀንስ ደብተሩ ላይ የጻፈው ራሱ አይደለም እንዴ? ወደ አዲ አርቃይ ቁልቁል ቢወርድ ኖሮ በነጠላ ያድር ነበር። ለመሆኑስ ሊማሊሞ ላይ 54 ቀን ማን ይጠፋል? ከላይ የመኪና ጥሩንባ፣ ከታች የእረኛ ፉጨት!

መምህሯ ይህን ሁሉ አልፋ አንዷን ነጥብ የቀነሰችው ለፊደል ግድፈት ነው። ለእኔ ሞት የተቀነሰ የለም።

ትምህርቱ ከንቱ ነው አላልኩም። ዲግሪ የምትባል ነገር የሚበርደው ሰው እስኪገኝላት ድረስ ባዶ ቁጥር ናት፤ ይህ ልጅ ስለ ሙቀት ሲነበብለት ያንቀላፋ የነበረ ነው። ቅሬታዬ ሌላ ነው፦ ልጅ በራሱ እንዲያስብ ሁልጊዜ ሽማግሌ መሞት አለበት? እግሬ ተሰብሮ ዛፍ ሥር ብቀመጥና ዝም ብል አይበቃም?

«ዝም አይሉማ!» አለች ባለቤቴ ከጓዳ።

አስነሣኝ ብለው እምቢ አለ። «እንግዲያው ተዝካሬን አውጣልኝ» አልኩት። በጣቱ ቆጠረ። ተዝካሬ በ40 ቀን ነው፤ እሱ ከጫካ የሚወጣው በ54።

«አልደርስም፣ አባባ» ብሎኝ ወደ ሒሳብ የቤት ሥራው ዞረ።