የአቶ ቅልጥፍና አውራ ጣት አጭር የሕይወት ታሪክ

የሲሬ ወገኖች፣ ከዴራም ከኢተያም ከአሰላም ለቅሶ የደረሳችሁ ሁሉ፣ እግዜርም አላህም ይስጥልን። ሟችን ስለምታውቋቸው ደግነታቸውን አልዘረዝርም። ደግ ነበሩ፣ በቃ።

በቁልፍ ስልክ መልእክት የመጻፍ ፍጥነት፣ በአጭሩ አቶ ቅልጥፍና፣ ከአባታቸው ከቁጥር፣ ከእናታቸው ከላቲን ፊደል ተወለዱ። ቤታቸው ጠባብ ነበር፤ ሃያ ስድስት ፊደል በስምንት ቁልፍ ላይ ተደራርቦ ነው ያደጉት። አገራችን የገቡት በ1991 ዓ.ም. ሞባይል አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ነው። ወደ እኛ የደረሱት ዘግይተው፣ ያ ባትሪ የሚያበራው ኖኪያ 1100 በየኪሱ ሲገባ ነው።

ወደ ነውራቸው ልለፍ። የሞተ ሰው ነውር አይነሣም ይባላል፤ የእሳቸው ካልተነሣ ግን የሚነበብ ታሪክ አይኖርም። ሟች ኤስን አይችሏትም ነበር። ኤስ በሰባት ቁጥር ላይ ከፒ፣ ከኪውና ከአር ኋላ አራተኛ ተሰልፋለች። ሦስት ጊዜ ከተጫኑ አር ይወጣል፣ አምስት ጊዜ ከተጫኑ ራሱ 7 ይመጣል። የቸኮለ ሁሉ ያልፋታል፤ ካለፋት ደግሞ አጥፍቶ እንደገና ነው። የከተማችን ስም በማን እንደሚጀምር ታውቃላችሁ። ሲሬ ብሎ ለመጻፍ 12 ጊዜ መጫን ግድ ነበር። ዴራ በ7 ትገላገላለች። አዳማ 5 ብቻ! ልጆቻችን ወደ አዳማ የፈለሱት ሥራ ፍለጋ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አላምንም።

ሁለት ፊደል አንድ ቁልፍ ላይ ከገጠሙ ደግሞ ጠቋሚው እስኪያልፍ መጠበቅ ነው። «እወድሻለሁ» ሊል የተነሣ ጎረምሳ «እወ» ካለ በኋላ ኢ እና ዲ ሦስት ቁጥር ላይ አብረው ስለሚኖሩ ቆሞ ይጠብቃል። በዚያች ቆይታ ስንቱ ሐሳቡን እንደቀየረ ሟች ብቻ ያውቁ ነበር። በኦሮምኛ የሚጽፉት ቁቤ በ1984 ዓ.ም. የጽሕፈታቸው ፊደል ስለሆነ የላቲኑ ባለቤት ናቸው፣ እኛ አማርኛ ጻፊዎች ተከራይ ነበርን። ሆኖም አናባቢ ሲረዝም በቁቤ ይደገማልና፣ «ነጋ» ብለው ሰላም ለመመኘት እነሱም መጨረሻው ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ተከራዩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረበት፤ «አባባ መጣ» እና «አባባ መታ» በላቲን ሲጻፉ አይለዩም። መልእክቱ የደረሰው ሰው በር ይክፈት ወይስ ይደበቅ?

በ2006 እ.ኤ.አ. አንድ የሲንጋፖር ወጣት ስለ ፒራና ዓሣ የሚያወሳ 160 ፊደል ያለው ጽሑፍ ከ42 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጽፎ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። የእኛን የአርሲዎችን እግር ከበቆጂ እስከ አትላንታ ሰዓት ይዘውለታል፤ ለአውራ ጣታችን ግን ሰዓት የያዘለት የለም። እኛ ደግሞ ስለ ፒራና የምንጽፈው አልነበረንም፤ የስንዴ ዋጋ ነበር የምንጠያየቀው።

እውነተኛ ችሎታቸው ዓይን አለመፈለጋቸው ነበር። አምስት ቁጥር ላይ ያለችውን ትንሽ እብጠት አውራ ጣት ከነካ የቀረው መንገድ የታወቀ ነው። ተማሪው ሰሌዳ ላይ አፍጥጦ፣ ስልኩን ዴስክ ሥር ይዞ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ይልክ ነበር። አስተማሪው ትጋቱን ያደንቁለት ነበር።

ሟች ከዚህ በፊትም አንድ ጊዜ ሞተዋል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጭር መልእክት ተዘግቶ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ፤ በ2000 ዓ.ም. መባቻ ተነሡ። ማን እንደዘጋው ለቅሶ ላይ አይነሣም፤ የዘጋው ራሱ ያውቀዋል።

ያሁኑ ገዳይ ግን እየሣቀ ነው የመጣው። መስተዋት ሰጠን፤ መስተዋት ላይ እብጠት የለም። «ሰላም» ስንል ያልነውን ትቶ የመሰለውን የሚጽፍልን አራሚ ጨመረልን። በገዛ ፊደላችን ስንጽፍ የአንድ መልእክት ገደብ ከ160 ፊደል ወደ 70 ሲወርድ ለዓመታት ዝም ያለ ዓለም፣ አሁን እንዳሻችሁ አውሩ ብሎ ድምፅ መቅጃውን ከፈተው። ይኸው አራት ደቂቃ ድምፅ ይደርሰናል፤ ሁለቱ ደቂቃ «እ… ምን ልልህ ነበር» ነው።

ይህን ያህል ካፌዝኩ ስለ አንዲት እናት ልናገር። ጂዳ ሰው ቤት የምትሠራ ልጃቸው ምድጃ ሥር ቆማ «ደህና ነኝ፣ ብር ልኬአለሁ፣ አታስቢ» ብላ ጻፈችላቸው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። የስልኩ ማኅደር ሞልቶ ፖስታዋ ብልጭ ድርግም ስትል፣ አዲሱ እንዲገባ አሮጌው ይጥፋ ሲባሉ፣ የልጄን አትንኩብኝ አሉ። ልክ ነበሩ። ልጅቱ እያንዳንዱን ፊደል እየቆጠረች ነው የጻፈችው። አንዲት ትንሽ ከተማን ስም ለመጥራት 12 ጊዜ የተጫነ ሰው ከተማዋን ይወድ ነበር። አሁን ከመጀመሪያው ፊደል በኋላ ማሽኑ ይጨርስልናል፤ መውደዳችንን ግን በምን እናሳይ?

ሟች የሚታመም አንድ አውራ ጣት፣ ፊቱ የተላጠ አንድ ሰባት ቁጥርና ብዙ «መታ» ይሁን «መጣ» ያልለየለት ጠብ ትተው አልፈዋል። ነፍስ ይማር።

ማሳሰቢያ፦ የሐዘን መግለጫ በድምፅ መልእክት አንቀበልም። በጽሑፍ ላኩ፤ ከ160 ፊደል አይብለጥ፣ ኤስ ያለበት ቃል የደፈረ ከቀብር መልስ ምሳ ይበላል።