ሥጋው ለጃፓን፣ ጠቡ ለቴሌቪዥን

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣
ሐዋሳ

ጋሼ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እትዬስ? ልጆቹስ? ጀልባዋስ? ጉማሬው ዘንድሮም መረብ ይበጥሳል ወይስ ልብ ገዛ? እኔ የቦስተን ብርድ አጥንቴ ድረስ ከመዝለቁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «እዚያስ አሳ አጥማጅ እንደኛው ድሃ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ካርዱ አለቀና መልሱ ሳይደርስዎ ቀረ። ድሃስ ድሃ ነው ጋሼ፤ ግን በቴሌቪዥን ይታያል። ነገሩ በስልክ ስለማያልቅ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ከቦስተን በስተ ሰሜን፣ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ርቀት ላይ ግሎስተር የምትባል የወደብ ከተማ አለች። ሰዎቿ ከ1623 ጀምሮ ከባሕር እንጀራቸውን ሲያወጡ ኖረዋል። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ይቁጠሩልኝ።) በ2012 ናሽናል ጂኦግራፊክ፣ ያ አንበሳና አዞ ሲያሳየን የምናውቀው ጣቢያ፣ ካሜራውን ከጫካ አውጥቶ በእነዚህ ሰዎች ጀልባ ላይ ጫነው። የፕሮግራሙንም ስም ዊክድ ቱና አለው። ጣቢያው ብዙም ከመሥመሩ አልወጣም፤ እነዚህም ያገሳሉ።

ቱና ስልዎት ከሱቅ በቆርቆሮ የምንገዛው እንዳይመስልዎት። ያ የሩቅ ዘመዱ ነው። ይኼኛው ብሉፊን የሚሉት ሲሆን፣ በ1979 ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ላይ የተያዘው አንዱ 679 ኪሎ መዝኗል። ሁለት ሰንጋ ይበሉት። እርስዎ ከነልጆችዎ፣ ከነመረብዎና ከነቆሮሶዎ ሚዛን ላይ ቢወጡ ያን ያህል መሙላታችሁን እጠራጠራለሁ።

እንግዲህ ይህን ፍጥረት የሚይዙት በዘንግና በመንጠቆ ነው። ትንሽ አሳ ከነነፍሱ መንጠቆ ላይ ሰክተው ይለቁና ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ሲነክስ የክሩ ማጠንጠኛ ይጮኻል፣ ካፒቴኑ ይጮኻል፣ ረዳቱም ይጮኻል። ትግሉ አንዳንዴ ሰዓታት ይፈጃል። አሳው ደክሞ ጀልባው ጎን ሲደርስ በጦር ይወጉታል፤ ከመውጋታቸው በፊት ግን ቁመቱን ማረጋገጥ አለባቸው። ለገበያ የሚፈቀደው ከ73 ኢንች ያላነሰው ነው፤ ወደ 185 ሳንቲሜትር መሆኑ ነው። እኔን የሚያህል አሳ «ገና ልጅ ነው» ተብሎ ይለቀቃል! መንግሥት ለአንድ ጀልባ በቀን አንድ አሳ ብቻ የሚፈቅድበት ጊዜም አለ፤ ያኔ ሁለተኛው ቢመጣ እጅ ነሥቶ መሸኘት ነው። የሐዋሳ ሰው ይህን ቢሰማ ሕጉን ያወጣው ሰው አሳ በልቶ አያውቅም ይል ነበር።

እኔ ከሁሉ የምወደው ወደቡ ላይ ያለውን ነው። ይህ አሳ እንደ ሌላው አይደለም፤ ገላው ሞቃት ነው። ብዙ ከታገለ፣ ደሙም ቶሎ ፈስሶ በረዶ ውስጥ ካልገባ፣ ሥጋው በራሱ ሙቀት ይበላሻል፤ ገዢም ፊቱን ያዞርበታል። ገዢው ሲመጣ ቀጭን ቱቦ አሳው ጎን ውስጥ ይሰካና እርሳስ የሚያህል ሥጋ መዝዞ ያወጣል። ከጅራቱም ስስ ቁራጭ ይቆርጣል። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አሽቶ ስቡን ይለካል። ቀለሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል። ከዚያ ዝም ይላል። ቀኑን ሙሉ ባሕሩን ሲያናውጥ የዋለው ካፒቴን እዚህ ላይ ትንፋሹን ውጦ የሰውየውን ጣት ያያል። ዋጋው ሲነገር «እሺ» ብሎ ይፈርማል። እርስዎ ቢሆኑ «አንተ ልጅ፣ ወይ ግዛ ወይ ጣትህን አንሣ!» ይሉት ነበር።

ያንን ሁሉ አሽቶ ከሚገዛው ከፊሉ ወደ ጃፓን ይሄዳል። እስከ 1960ዎቹ ድረስ እኮ እዚህ አገር ይህን አሳ የሚበላው ድመት ነበር፤ በጥቂት ሳንቲም እየተሸጠ የእንስሳት ቀለብ ይሆን ነበር። ኋላ የጃፓን አየር መንገድ ሰዎች ዕቃ ጭነው ሰሜን አሜሪካ ያራገፉ አውሮፕላኖች ባዷቸውን መመለሳቸው ቆጫቸው። እንደ ማንኛውም የጭነት መኪና ባለቤት የመልስ ጭነት ፈለጉ፤ በ1972 የካናዳ ቱና ቶኪዮ ገበያ ላይ ቀረበ። ድመቷም ከማዕዱ ተነሣች።

በ2019 ቶኪዮ ላይ በተደረገው የዓመቱ የመጀመሪያ ጨረታ 278 ኪሎ የሚመዝን አንድ ብሉፊን በ333.6 ሚሊዮን የን ተሸጧል። በጊዜው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የገዛው ኪዮሺ ኪሙራ የሚባል የሱሺ ቤቶች ባለቤት ነው። አሳው እዚያው ጃፓን የተያዘ ነው፤ ዋጋውም የአዲስ ዓመት ማስታወቂያ አለበት። የግሎስተር ሰው እንዲህ ያለ ገንዘብ በሕልሙም አያይ። የሚገርመኝ ግን ሱሺ የሚሉት ነገር ነው። ጥሬ አሳ እኮ ነው ጋሼ! እኛ አሞራ ገደል ቆመን፣ አባ ኮዳ እየተሻማን፣ በዳጣ የምንበላውን እነሱ በነጭ ጨርቅ ላይ አቅርበው የቤት ኪራይ ያስከፍሉበታል።

ወደ ቴሌቪዥኑ ልመለስ። እርስዎ እንደሚያውቁት የዚህ ሥራ አብዛኛው መጠበቅ ነው። ካሜራ ደግሞ መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ ቁጭ የተባለበትን ሰዓት ሁሉ ቆርጠው ይጥሉና ጩኸቱን ብቻ ይቀጥሉታል። አሳው አይናገር፤ ስለዚህ ሰዎቹን ያናግራሉ። አንዱ የሌላው ጀልባ አጠገብ መልሕቅ ጣለ ተብሎ ይሰዳደባሉ፣ አንዱ አሳ የያዘበትን ቦታ ይደብቃል፣ ሌላው በሬዲዮ ያሽሟጥጣል። ሥጋው ወደ ጃፓን ሲሄድ ጠቡ እዚሁ ይቀርና ሳሎን ለሳሎን ይሸጣል። እኔን ከጠየቁኝ የተሻለ ገበያ ያለው ጠቡ ነው፤ በረዶ አይፈልግም፣ ቁመቱን የሚለካ ተቆጣጣሪም የለበትም።

በፕሮግራሙ መጨረሻ ደግሞ ሰሌዳ ይወጣል። የትኛው ጀልባ ስንት አሳ ያዘ፣ ስንት ዶላር ሸጠ፣ ማን ይመራል። የናፍጣው፣ የማጥመጃው፣ የበረዶው፣ የረዳቱ ድርሻ ሰሌዳው ላይ የለም። እትዬ አንድ ቀን ቢያዩት «የናፍጣውስ?» ብለው ቴሌቪዥኑን ያፋጥጡት ነበር።

የጀልባዎቹን ስም ልንገርዎትና ይሳቁ። የእርስዎ ጀልባ ቅዱስ ገብርኤል ናት። የካፒቴን ዴቭ ካራሮ ጀልባ «ኤፍ ቪ ቱና ዶት ኮም» ትባላለች። የድረ ገጽ አድራሻ ክርስትና ሲነሣ አይተው ያውቃሉ? ለነገሩ ሰውየው ገበያ ያውቃል። ዴቭ ማርሲያኖ የሚባለው ደግሞ ሽበታም፣ ተጫዋች፣ ዕዳ ያለበት ሰው መሆኑን የማይደብቅ ነው፤ እኔ የምደግፈው እሱን ነው፣ እርስዎን ስለሚመስለኝ። (ዕዳውን ማለቴ አይደለም።)

ዝናው ቀላል እንዳይመስልዎት። ሰው ከሩቅ አገር ግሎስተር ድረስ መጥቶ ከካፒቴን ጋር ፎቶ ይነሣል፣ ጀልባው የተሣለበት ካናቴራ ይገዛል፣ ከፍሎም አብሮ ለማጥመድ ይወጣል። ያስቡት፤ ከፍሎ! እኛ ልጆች ሆነን እርስዎ በግድ እየቀሰቀሱ ይዘውን ሲወጡ የምናለቅሰውን።

ከተማዋ ዳር፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት፣ የጀልባ መሪ ጨብጦ የቆመ አሳ አጥማጅ ሐውልት አለ። በ1925 የቆመ ነው። በዙሪያው ባሕር የወሰዳቸው የከተማዋ ሰዎች ስም ተጽፏል፤ ከ5,000 በላይ ነው። በ1991 በማዕበል ከነስድስት ሰዎቿ የጠፋችው አንድሪያ ጌይል የምትባል ጀልባም ከዚሁ የወጣች ናት፤ መጽሐፍ ተጽፎላታል፣ በ2000 ፊልም ሆናለች። ያን ሁሉ ዘመን ግሎስተር ስሟ የሚነሣው በሞቱባት ነበር። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ባሽሟጥጠውም አንድ ነገር አልነፍገውም፤ በሕይወት ያለ፣ የሚሳደብ፣ ካናቴራ የሚሸጥ አሳ አጥማጅ ዝነኛ መሆኑ ይሻላል።

ጣቢያው ከ13 ዙር በኋላ በ2024 ፕሮግራሙን አቁሞታል። ካሜራው ሄደ፤ ሰዎቹ ግን ማጥመዳቸውን አልተዉም፣ ምን ይሁኑ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ያ የመጨረሻው ልጅዎ «አባዬን ቲክቶክ ላይ ላወጣው ነውና ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ላክልኝ» ብሎ ጽፎልኛል። እርስዎ ካልሰሙ ይኸው ሰሙ። ልጁ ሞኝ አይደለም፤ ጉማሬውን ሲራገሙ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢቀርጽዎ ከነዚህ ካፒቴኖች የሚያንስ አይመስለኝም። ስልኩን ለገና ከሚመጣ ሰው ጋር እልካለሁ። ብቻ መረብ የሚጥሉበትን ቦታ እንዳያሳይ ያስምሉት፤ በማግስቱ የሐይቁ ጀልባ ሁሉ እዚያ ነው የሚያድረው። ማዕበል ባለበት ቀን ለቪዲዮ ብሎ «እንውጣ» ቢልዎትም እሺ እንዳይሉት። የሚያገኘውን ገንዘብ ደግሞ እትዬ ይያዙት፤ ናፍጣ የሚቀንሱ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሰውየው ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ቦታ ለምኜ ይዣለሁ። ዳጣውን በደንብ አሽጋችሁ ላኩልኝ፤ ያለፈው መንገድ ላይ ፈስሶ የሰው ሸሚዝ አበላሽቷል።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ